የሳቱት ጥይቶች

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ፲፰፻፵፱ ዓ.ም.፣ የዕርገት በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው በዋለው እሑድ፣ በስዊስ አገር፣ አርጋው ካንቶን በሚባለው ግዛት፣ የሪንደርማት መንደር ፖም አብቦ ሸለቆው ነጭ ለብሶ ነበር፤ ከስብከት መልስም ወንዱ ሁሉ ጠመንጃውን አንግቶ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ወረደ፤ የተኳሾች ማኅበር አዲስ ገቢዎችን የሚያስተምርበትና የሚመዝንበት ቀን ነበርና።

የማኅበሩ አለቃ ካስፓር ሪኒከር ግን ሜዳው ላይ ከደረሰ ጀምሮ ዓይኑን ከአንድ ሰው ላይ አላነሣም። ሰውየው አሎይስ ቡሆልዘር ይባላል፤ የሉሰርን ተወላጅ፣ በፕሮቴስታንቶች መንደር ብቸኛ ካቶሊክ ነው፤ የመንደሩን አይብ ቤት ሊይዝ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ሉሰርንና ሌሎች የካቶሊክ ካንቶኖች ለብቻቸው ተማምለው ከአርጋውና ከቀሩት ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ሕገ መንግሥትም ማንኛውም ስዊሳዊ ክርስቲያን በፈለገበት ካንቶን ይኑር ብሎ ደንግጓል። ይደንግግ፤ ሕጉ ላም አያልብም። አይብ ቤቱ ወተት የሚያገኘው ከማኅበርተኞቹ ከብቶች ነው፤ እነርሱም «ካስፓር ይየው፤ ከተቀበለው ወተታችንን እንሰጠዋለን፤ ካልተቀበለው ጓዙን ጠቅልሎ ይሂድ» ብለው ቆርጠዋል።

ካስፓር ደግሞ ሊቀበለው አልመጣም። የበኩር ልጁ ያኮብ በዚያ ጦርነት፣ ጊዚኮን በተባለ መንደር፣ ከአባቱ ጎን ተመቶ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ካስፓር የሉሰርን ሰው ባየ ቁጥር «ይሄ ይሆን የገደለው?» እያለ የሰውየውን የቀኝ እጅ ጣቶች ይመለከታል።

«ጠመንጃ ይዘህ ታውቃለህ?» አለው አሎይስን።

«ቀበሮ ለማባረር ያህል ነው፣ አለቃ።»

«በጦርነቱስ ጊዜ?»

«አይብ ስሠራ ነበር።»

«የሉሰርን ሰው ሁሉ አይብ ሲሠራ ነበር» አለ ካስፓር ወደ ማኅበርተኞቹ ዞሮ፤ «ታዲያ እኛን ማን ተኮሰብን?»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። አሎይስ ጠመንጃውን አንሥቶ ከአዲሶቹ ጋር ተሰለፈ።

ትምህርቱ ተጀመረ። ካስፓር አዲሶቹን በተራ በሆዳቸው አስተኝቶ፣ «ሰደፉን ከትከሻህ አጣብቅ፤ ትንፋሽህን ግማሹን አውጣና ያዝ፤ ቃታውን እንደ ላም ጡት ቀስ አድርገህ ጭመቀው እንጂ አትጎትተው» ይል ነበር። የወፍጮ ቤቱ ጌታ ልጅ አንዱን ጥይት መሬት ቀበረው፤ ሌላውን ወደ ገደሉ ሰደደው። አንድ ጥይት በሳተ ቁጥር ቀይ ሸሚዝ የለበሰው የዒላማ ጠባቂ ሩዲ ከጉድጓዱ ብቅ ይልና ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለንጉሥ እጅ እንደሚነሣ ሰው እስከ መሬት ጎንበስ ይላል፤ የማኅበሩ የቆየ ወግ ነው።

አሎይስ ተኮሰ፤ ሩዲ ጎንበስ አለ። ደጋግሞ ተኮሰ፤ ሩዲም ደጋግሞ ጎንበስ አለ።

«ኧረ ተዉት፣ የሩዲ ወገብ ሊቀጭ ነው!» አለ አንዱ።

«ኢየሱሳውያን መነኮሳቶቻችሁ ጸሎት ብቻ ነው እንዴ ያስተማሩህ?» አለ ሌላው።

ካስፓር ግን አልሳቀም። ሰውየው ባሩዱን ሲሰፍር እጁን አላየም፤ ጥይቱ ሲፈነዳም ዓይኑን አልጨፈነም። ይህ የለመደ ተኳሽ ነው ብሎ ጠረጠረ።

ተኩሱ ሲያበቃ ካስፓር የጎረሰ ጠመንጃውን አነገተና «ቢላዋህን ይዘህ ተከተለኝ» አለው። «በእኛ ዘንድ አዲስ ገቢ የተኮሰውን እርሳስ ራሱ ቆፍሮ ያወጣል፤ ቀልጦ መልሶ ጥይት ይሆናል።»

አሎይስ ፊቱ አመድ መሰለ። «በእኛ አገር እንኳ የሚለቅመው የዒላማ ጠባቂው ነው።»

«ይሄ የእናንተ አገር አይደለም።»

ከዒላማው ጀርባ የወፍራም ሳንቃ ግድግዳ ነበረ። ከወፍጮ ቤቱ ልጅ ጥይቶች የቀሩት እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ የአሎይስ ጥይቶች ግን ከዒላማው በስተግራ፣ ሁሉም አንድ ሥፍራ ገብተዋል። ካስፓር መዳፉን ቢያኖርበት ሁሉንም ሸፈናቸው።

«ሩዲ፣ ሂድ ቢራህን ጠጣ» አለ፤ ሩዲም ሄደ። ካስፓር ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«የማያውቅ ሰው በየቦታው ይስታል። አንተ የሳትኸው አንድ ቦታ ነው። ጊዚኮን ነበርህ?»

አሎይስ አፈሙዙን አየና «ነበርሁ» አለ።

«ማንን መታህ?»

«ዛፍ።»

«አትቀልድብኝ!»

«አልቀልድም፣ አለቃ። አዛዡ ከኋላዬ ቆሟል፤ አልተኩስም ብል ይገድለኛል። ሰው ልግደል ብል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። በእናንተ በኩል ግንዷ ለሁለት የተከፈለ የፖም ዛፍ ነበረች፤ ጠዋቱን ሙሉ ግንዷ ከሚከፈልበት ሥር እሷን ብቻ መታሁ። ይህን እቤት ብናገር ከሃዲ ይሉኛል፤ እዚህ ደግሞ ተኳሽነቴ ቢታወቅ ገዳይ ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ዛሬም ሳትሁ።»

ካስፓር አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ዛፏን ያውቃታል። እርሱና ያኮብ በሆዳቸው የተኙት እርሷ ሥር ነበር፤ ጥይት ሁሉ ከራሳቸው በላይ አንዲቱን ቦታ ሲደበድባት፣ ቅርፊቱ እየረገፈባቸው ይስቁ ነበር። ያኔ ካስፓር ራሱ በገዛ አፉ፣ «ያኮብ፣ ይሄ ሰውዬ ዕውር ነው፤ ቀና ብለህ ተኩስ!» አለው። ልጁ እየሳቀ ቀና አለ፤ ዕውር ያልሆነ ሌላ ሰው ከጊዚኮን ወፍጮ ቤት መስኮት መታው። ያን ቃል ካስፓር ለሚስቱም ለቄሱም አልነገረም፤ ገዳይ ፍለጋ የሰው ጣት ሲያይ የከረመው ያችን ቃል ላለመስማት ነበር።

«ዛፏን ያውቋታል፣ አለቃ?» አለ አሎይስ በፍርሃት።

«አላውቃትም» አለ ካስፓር። ጠመንጃውን መልሶ አነገተ። «እርሳስህን ቆፍረህ አውጣ። ሩዲ ሳይመለስ ቀዳዳዎቹን በጭቃ ድፈን።»

ወደ ማኅበርተኞቹ ሲመለስ ሁሉም ከበቡት።

«እህስ፣ ካስፓር? ምን ይመስላል?»

«መተኮስ አይችልም» አለ፤ «ነገ ጠዋት ወተት አድርሱለት።»

ከዓመታት በኋላ ለዚያ ጦርነት ሙታን በመንደሩ ሐውልት ቆመ፤ የያኮብ ሪኒከር ስምም በደንጊያው ላይ ተቀረጸ። ጸሐፊዎችም የሞተውንና የቆሰለውን፣ የተያዘውን መድፍና የተሻገሩትን ድልድይ ጻፉ፤ በፈቃድ ስለሳቱት ጥይቶች ግን አንድ መስመር አልጻፉም፤ ማንስ ነግሯቸው? አሎይስ አይቡን እየሠራ በሪንደርማት አረጀ፤ እስኪሞትም በማኅበሩ ውስጥ የመጨረሻው ደካማ ተኳሽ እየተባለ ተቀለደበት። በየዓመቱ ሩዲ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ባለለት ቁጥር፣ አለቃ ካስፓርም ከወዲህ ሆኖ የራሱን ባርኔጣ ያወልቅ ነበር፤ ሰዉ ግን ሙቀቱ የጠናበት ይመስለው ነበር።