የአራቱ ሴንሰሮች ሰማይ

«ቦርሳውን ወንበሩ ሥር ተወው» አለ ቀጭኑ ሰውዬ፣ ቀና ሳይል።

ሸማኔ ተወው። የተገናኙት ከሸማኔ ሱቅ ጎን ባለ ቡና ቤት ነው።

ሸማኔ የስለላ ቢሮው የሰጠው ስሙ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው በካሜራ ጠጋኝነቱ ነው። ቦርሳው ውስጥ ያለውን ካሜራ የሠራችው ከሱቁ በላይ ፎቅ ላይ ያለችው ጥርስ ሠሪ ናት። ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሞርዳለች፣ ሲመሽ በቴሌስኮፕ ሰማይ ታያለች። ብርሃን ተቀብሎ ፎቶ በሚያደርግ አንድ ሴንሰር የምታየው ቁራጭ ሰማይ ቢያንሳት፣ ከተጣሉ ካሜራዎች አራት ሴንሰር አስነቅላ መዳብ ላይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። የነቀለላት እሱ ነው። በፀጉር ስፋት እንኳ ከፍ ዝቅ እንዳይሉ ያስተካከሉት ግን የእሷ ጣቶች ናቸው። አራቱ ፎቶዎች ሲገጣጠሙ አንድ ሰፊ ሰማይ ሆኑ።

በዚያ ሰማይ ላይ፣ ቢሮው «የለንም» የሚለው ሳተላይት ሲያልፍ ታየ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብላ ለእሱ አሳየችው። እሱ ለቢሮው ነገረ።

«ፎቶዎቹስ?» አለ ቀጭኑ።

«አጥፍቻቸዋለሁ። ካሜራውን ካመጣሁ እሷን አትነኩም ብላችኋል።»

«ካሜራ እንደገና ይሠራል። ችግሩ እጇ ነው።»

«ተስማምተን ነበር እኮ!»

«ቀስ በል። ልጆቼ ማዶ ቆመዋል። ወይ እነሱ ይጨርሷታል፣ ወይ አንተ እጇን ታበላሻለህ። ውለታ እየዋልኩልህ ነው።»

ሸማኔ በመስኮቱ አየ። ሁለት ሰዎች ከመንገዱ ማዶ የሱቁን በር ይጠብቃሉ።

ወጥቶ መኪናውን ሱቁ በር ላይ ሲያቆም፣ ጥርስ ሠሪዋ የቴሌስኮፑን እግር ታቅፋ ወረደች። ጀምበር ሳትጠልቅ ኮረብታው ላይ ሊደርሱ ተቀጣጥረዋል።

«ወንድምዬ! ካሜራችንን ከአቧራ አጸዳኸው?»

«መኪናው ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

ዕቃውን የኋላ ወንበር ላይ ልታስገባ ጎንበስ አለች። ቀኝ እጇ የመኪናውን በር ጠርዝ ይዟል።

ማዶ ያሉት ሰዎች መንገዱን መሻገር ጀመሩ።

ሸማኔ በሩን በሙሉ ክብደቱ ዘጋው።

ጮኸች። ለመክፈት የሚታገል መስሎ ደግሞ ገፋው።

ሰዎቹ መሃል መንገድ ላይ ቆሙ። ከዚያ ተመለሱ።

«አይዞህ» አለችው ደረቱ ላይ ወድቃ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሳታይ ነው።»

አለቀሰ። ለቅሶው የእውነቱን ነበር። ለሥራውም ጠቀመው።

ሐኪሙ ሦስት ጣቶች አይተርፉም አለ። እሷ ግን አልጋው ላይ ሆና በግራ እጇ እጅጌውን ሳበችው።

«ስማ፣ ስምንት ሴንሰር የሚይዘውን አስቤዋለሁ። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትገጥማለህ። እጅህን ትሰጠኛለህ አይደል?»

«እሰጥሻለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ቀጭኑ ይጠብቀው ነበር።

«ምን አለች?»

«ምንም። ተስፋ ቆርጣለች።»

«ጎሽ። ዛሬውኑ ከከተማው ውጣ።»

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ስልኩ ጠራ። እሷ ናት። መጥራቱን እስኪያቆም ጠበቀ፣ ከዚያ ሲሙን አውጥቶ በመስኮት ወረወረው።

«ስምህን ማን ልበል?» አለች ትኬት ቆራጯ።

አዲሱን ስም ነገራት። እሷም ደግማ ሳታየው አለፈች።