አሞጽ የትም ያልጻፈው

ንጋቷ ጠረጴዛዋ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ የተቀቀለ ጎደሬ እየላጠች ነበር። አፏ እንደሞላ አንድ ሰው መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ቡና ለማስረከብ ተራ ለማስያዝ ከሆነ በስልክ ነው» አለችው የጎረሰችውን እንደ ምንም ውጣ።

«ገበሬ አይደለሁም... ለስልኩ ነው የመጣሁት። አሞጽ እባላለሁ።»

ወሬውን ሰምታ ነበር። የቡና ማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ታምሩ፣ የገበሬዎችን ስልክ የሚያነሳ የኤአይ ረዳት ሊያስገቡ ነው፤ ረዳቱን ከሥራው ጋር የሚያላምድ የቴፒ ልጅ አማካሪም ቀጥረዋል። ያንን ስልክ አራት ዓመት ሙሉ ስታነሳ የኖረችው ንጋቷ ናት።

«ወንበሬን ልትወስድ ነዋ!»

«ለጊዜው አንድ ወንበር ብታውሺኝ ይበቃኛል።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ጎደሬም አካፈለችው።

ሁለት ሳምንት አጠገቧ ተቀመጠ። ስልክ ባነሳች ቁጥር ይጠይቃታል፤ ይጽፋል።

«መጀመሪያ ስለ ዝናቡ የምትጠይቂያቸው ለምንድን ነው?»

«መንገዱ ከተቆረጠ እሸቱ በዕለቱ አይደርስማ። እሸት ቡና ካደረ ይቦካል።»

«አሁን የደወለውስ ሰውዬ ለምን ዝም አለ?»

«ቡናው ጥቂት ስለሆነ አፍሮ ነው። እንዲህ ሲሆኑ ‹ያለህን ይዘህ ና› እላቸዋለሁ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ዘግቶ፣ «አንቺን ግን ምንድን ነው የሚያስቅሽ?» አላት።

«ይሄም ለሥራው ነው?»

አሞጽ አንገቱን ደፋ።

ንጋቷን እንዲህ ያደመጣት ሰው አልነበረም። ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ነገ ደግሞ ምን ይጠይቀኝ ይሆን እያለች ማሰብ ጀመረች። መውደዷን ያወቀችው በዚህ ነው።

ረዳቱ ሥራ በጀመረበት ጠዋት የቢሮው ሠራተኞች ሁሉ ስልኩን ከበው ቆሙ። ተደወለ። ረዳቷ በለስላሳ የሴት ድምፅ አነሳች። «ዝናቡ እንዴት ነው? መንገዱስ?» አለች። ደዋዩ ዝም ሲል ደግሞ «ያለዎትን ይዘው ይምጡ» አለችው።

ንጋቷ ክው አለች። «የኔ ንግግር ነው...»

«አዎ! ካንቺ ነው የተማረችው» አለ አሞጽ በኩራት።

«ስትጠይቀኝ የከረምከው ለዚህ ነበር?»

«ሥራዬ እኮ ነው ንጋቷ...»

ንጋቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሦስት ቀን አሞኛል ብላ ቀረች።

በአራተኛው ቀን ስትገባ ቢሮው በጩኸት ተሞልቷል። ከሸኮ በሞተር የመጡት እትዬ ማናልሞሽ ጆንያቸውን መሬት ላይ ዘርግፈዋል።

«ያቺ ለፍላፊ ማሽናችሁ ‹ተራዎን ተጠቅመዋል› አለችኝ! የመጣው ጎረቤቴ ነው እንጂ እኔ ነኝ? ይኸው እሸቴ አደረ፤ አሽትቱት!»

አሞጽ ኮምፒውተሩን አየ። «የደወላችሁበት ቁጥር ግን አንድ ነው...»

«ስልኩማ አንድ ነው! ሰባት ቤት ነን የምንደውልበት። ስልክ የሌለው ቡና የለውም ያለህ ማን ነው አንተ?»

አሞጽ ወደ ንጋቷ ዞረ። «አንቺ እንዴት ነበር የምትለዪያቸው?»

«በድምፃቸው። አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልነገርኩህም።»

አቶ ታምሩ ብቅ አሉ። «ንጋቷን መጋዘን ላዛውራት ነበር። አንተ አማካሪ ነህ፤ ምከረኛ!»

«መክሬያለሁ ጋሼ። ንጋቷ በቀረች በማግስቱ ሪፖርቱን ሰጥቻለሁ። ረዳቷ ቀላል ቀላሉን ትመልስ፤ ማንንም ‹አይሆንም› ከማለቷ በፊት ግን ወደ ንጋቷ ታስተላልፍ ብያለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።»

«ውፍረቱን አይቼ አስቀመጥኩት» አሉ አቶ ታምሩ አገጫቸውን እያሻሹ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «የእትዬን እሸት ማድረቂያው አልጋ ላይ አስጡላቸው፤ ዋጋው አይቀነስባቸውም። ንጋቷም ከዚህ አትነሳም።»

ሰው ሲበተን ሁለቱ በአንድ ስልክ የሚጠቀሙትን ቤቶች ሊመዘግቡ ተቀመጡ። እሷ ትጽፋለች፤ እሱ ከድሮው የተራ መዝገብ ላይ ስሙን ያነብላታል። ከእትዬ ማናልሞሽ መንደር ጀመሩ። አራት ስም ጽፋ እጇ ቆመ።

«ያ ሁሉ ጥያቄ ለማሽኑ ነበር?»

«የመጀመሪያው ሳምንት፣ አዎ። ሥራው እዚያው ላይ አልቋል።»

«ሁለተኛውን ሳምንት ታዲያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ምን እንደሚያስቅሽ እጠይቅሽ ነበር... ያንን የትም አልጻፍኩትም።»

«ያን ቀን ለምን እንዲህ አላልከኝም?»

«ሌላውን ስመክር አፌ ይፈታል፤ ለራሴ ሲሆን ይተሳሰራል። እወድሻለሁ ንጋቷ። ይሄን ቀድሜ ማለት ነበረብኝ።»

ንጋቷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሁድ ከቸርች ስንወጣ ቤት ና» አለችው። «እናቴ የማን ልጅ እንደሆንክ ትጠይቅህ። እኔም እወድሃለሁ፤ ይሄን ግን ለሷ እኔው ነኝ የምነግራት።»

«እመጣለሁ!»

«አሁን አንብብ። አምስተኛው?»

አነበበላት። ስድስተኛውንም እንዲሁ። ሰባተኛው ሎሚ የምትባል ገበሬ ቤት ነበር። ንጋቷ ሎሚ ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ አሰመረችና ወረቀቱን ከስልኩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።