የምሰሶው ቆዳ

ሰገነቱ ላይ ሃያ ተማሪዎች ወለሉን በእግራቸው እየመቱ ለነገው ቴአትር መዝሙር ይለማመዳሉ። ከሥራቸው የቆመችው ልጅ ስልክ ላይ ያለው ቁጥር ግን ፍንክች አላለም። አሥራ ሁለት። አሁንም አሥራ ሁለት።

ዝምታዋን አይተው «ጭምት» ያሏት ይህች ልጅ ልቧ ድው ድው ይል ጀመር።

የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ሰገነት የተሸከመው ምሰሶ ከተሰነጠቀ ሦስት ወር ሆኖታል። መሐንዲስ አክስቷ ስንጥቁ ላይ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ስስ መለኪያ ለጥፋበታለች። ስንጥቁ ሲሰፋ ቆዳው ይሳባል፤ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥርም ይጨምራል። አርባ ከደረሰ ሰገነቱ ይዘጋል። ቁጥሩን በየጠዋቱ መዝገብ ላይ የምታሰፍረው ጭምት ናት፤ ዘበኛው ጋሼም ያንን ሳያዩ የሰገነቱን በር አይከፍቱም። ትናንት ሠላሳ ስምንት ነበር። ዛሬ አሥራ ሁለት ሲል በደስታ ጽፋ ፈረመች። የተሰነጠቀ ምሰሶ በአንድ ሌሊት እንደማይድን እንኳ አላሰበችም፤ ደስታ ሰውን ያጃጅላል።

«ጤነኛ ምሰሶ እንኳ ሰው ሲረግጥበት ትንሽ ንቅንቅ ይላል» ትላት ነበር አክስቷ። «ዝም ያለ ቁጥር ካየሽ ፍሪ።»

ወንበር ላይ ወጣች። ቆዳው ስንጥቁ ላይ የለም። ከምሰሶው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ጠርዙ ላይ ማስቲሽ ደርቋል።

«ተይው በናትሽ» አለ ከኋላዋ የመጣ ድምፅ። ፈንዲሻ ናት፤ የልብ ጓደኛዋ፣ የነገው ቴአትር ንግሥት። የወረቀት ዘውዷን የሠራችበት ማስቲሽ ጣቶቿ ላይ ገና አለ።

«አንቺ ነሽ?»

«ለሁለት ቀን ብቻ እኮ ነው! ቴአትሩ ሲያልቅ እመልሰው ነበር።»

«እላያችን ላይ ሃያ ልጅ አለ!»

«ሦስት ወር የቆመ ምሰሶ ዛሬ ነው የሚወድቀው? አታካብጂ!» ድምጿ ተሰበረ። «እናቴን ካየኋት ሁለት ዓመቴ ነው። ነገ የምትመጣው መድረክ ላይ ልታየኝ ነው። ከተናገርሽ ይሰርዙታል፤ እኔንም ያባርሩኛል። ጓደኛዬ አይደለሽም?»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ስታወራ ሌላዋ ስትሰማ። ዝም ማለት ደግሞ ለጭምት የዕድሜ ልክ ሙያዋ ነው።

ከላይ እግሮቹ እንደገና ዱብ ዱብ አሉ። ከስንጥቁ ትንሽ አቧራ ቦነነና የፈንዲሻ ዘውድ ላይ አረፈ። ሁለቱም አዩት።

ጭምት ከወንበሩ ወርዳ ጋሼ ወደቆሙበት በር ሮጠች።

«ጋሼ፣ ልጆቹን ያውርዱልኝ! ቀስ እያሉ፣ ሳይዘሉ!»

«ምነው ልጄ፣ አሥራ ሁለት ብለሽ ፈርመሽ የለ?»

መዝገቡን ስባ የጠዋቱን ቁጥር ሰረዘች። «ተሳስቼ ነው። ዛሬ በትክክል አልተነበበም።»

ጋሼ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ልጆቹ እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ጭምት ሃያውንም ቆጠረች። ጋሼ የሰገነቱን በር ሲቆልፉ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ለመሆኑ ማነው የነካው?» አሉ ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቆዳ እያዩ።

ጭምት ለአክስቷ ደወለች። ፈንዲሻ ዘውዷን አውልቃ አጠገቧ ቆማለች፤ ስልኩ መጥራት ሲጀምር ጭምት «አንቺው ንገሪያት» ብላ ዘረጋችላት። ፈንዲሻ እስክትቀበላት ድረስም እጇን አላጠፈችም።