የሟቹ ከረባት

ሟቹ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ በተወለወለ ጫማ አልጋው ላይ ተጋድሟል። በዕድሜው ከረባት አስሮ የማያውቅ አናጢ ነበር። ቤተሰቡ በቁሙ ሲያፍርበት ኖሮ ሬሳው እንዲያምር መጨነቁ ነው የሚገርመው።

«ልቡ ነው» አለ ታላቅ ወንድሙ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ሲናገር አገር ምድሩ ደብተር አውጥቶ የሚጽፍለት ይመስለዋል። «ከድሮም ልቡ ደካማ ነበር። በቃ፣ እንደዚያ ብለሽ መዝግቢ።»

የፖሊስ መርማሪዋ አልመዘገበችም። ጎንበስ ብላ የሟቹን ፀጉር ነካች፤ እርጥብ ነው። ከሸሚዙ ስር ያለው ካናቴራም ውሃ እንዳዘለ ነው።

«እርስዎ ሲያገኙት እንዴት ነበር?»

«ከትምህርት ቤት ስመለስ ልክ እንደምታይው ለብሶ፣ ሞቶ ነው ያገኘሁት። ዛሬ የወላጅ ኮሚቴውን እራት ጋብዤ ነበር። ለእንግዶቹ ብሎ የለበሰ ይመስለኛል።»

«ሱስ ነበረበት?»

የዳይሬክተሩ ሚስት ፈጥና መስኮቱን ዘጋች። «የምን ሱስ? እኛ እኮ ጨዋ ቤተሰብ ነን። ደግሞ እኔ ገበያ ነበርኩ፤ በሰው ቤት ነገር አልገባም» አለች። ቤቱ የራሷ ነው።

ሳሎን የተቀመጠችው የሟቹና የዳይሬክተሩ እህት ግን ድምጿን አልቀነሰችም። ፋርማሲስት ናት።

«ሄሮይን ይወስድ ነበር። ለጠየቀው ሁሉ ሳይደብቅ ይናገራል። ሕክምናም ጀምሮ ነበር። ምናልባት አገርሽቶበት ራሱን ቢስት ብዬ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ማንቂያ መድኃኒት ሰጠሁት። እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቀለውና አጠቃቀሙን ለሁላችንም አሳየን። ‹ወድቄ ካገኛችሁኝ እሱን እርጩልኝና አምቡላንስ ጥሩ› ነበር የሚለው።»

መድኃኒቱ በነበረበት ቦታ አሁን የዳይሬክተሩ የምስጋና ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል።

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተመልሳ ከረባቱን ፈታች፤ ገልብጣ አየችው፤ አሸተተችው። ጣቶቹንም አንድ በአንድ መረመረች። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከውሃው እንጀምር። ውሃ የሚደፋው ሰው እንዲነቃ ነው፤ ሬሳ ላይ የሚደፋ የለም። ያገኘው ሰው በሕይወት አግኝቶታል ማለት ነው። አልነቃ ሲለው እርጥቡ ካናቴራ ላይ ሙሉ ልብስ ደረበለት። የሟቹ ጥፍር ውስጥ ደግሞ የከረባቱ ክር አለ። ሲጨንቀው ሊያላላው ሞክሯል። ከረባቱ ሲገባለትም ይተነፍስ ነበር።»

«ማን ነው ያሰረለት?» አለች እህቱ።

«በሌላ ሰው አንገት ላይ ከረባት ማሰር የማይችል ሰው። መጀመሪያ በራሱ አንገት አሰረው፤ ከዚያ በጭንቅላቱ አውልቆ ለወንድሙ አጠለቀለት። ሲያወልቀው ያልደረቀ የፀጉር ቀለም ከረባቱ ላይ ቀረ። አናጢው ፀጉሩን ተቀብቶ አያውቅም።» ዓይኗ ከሰል የመሰለው የዳይሬክተሩ ፀጉር ላይ አረፈ። «እርስዎ ትምህርት ቤት አልነበሩም። ለእራቱ ፀጉርዎን እየተቀቡ እዚሁ ነበሩ።»

ዳይሬክተሩ ፀጉሩን በእጁ ሸፈነ።

«አምቡላንስ ልጠራ ነበር» አለ። «ግን በዚያ ካናቴራ፣ ክንዱ ተበሳስቶ፣ ጎረቤት እያየው እንዴት ይውጣ? ልብስ ልቀይርለትና እጠራለሁ ስል ... አመለጠኝ።»

«ወንድም ጋሼ፣ መድኃኒቱስ?» አለች እህቱ።

«ጠዋት ጣልኩት። ዳይሬክተር ቤት የሱሰኛ መድኃኒት ተሰቅሎ ኮሚቴው ምን ይለኛል?»

ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ልጅ ሥነ ምግባር ሲያስተምር የኖረ ሰው መልስ ይኸው ነው። ሚስቱ እንኳ ፊቷን አዞረችበት።

ፖሊሶች ካቴና አስገቡለት። ደጅ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ዳይሬክተሩ ወደ መርማሪዋ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላት።

«እባክዎ፣ እጄ ላይ ኮት ጣል ያድርጉልኝ። ሰው ያየኛል።»

እህቱ ከመርማሪዋ ቀድማ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እንዲሁ ይውጣ» አለች። «ወንድሜም እንዲሁ ቢወጣ ኖሮ ይተርፍልኝ ነበር።»