የደገፋ ፋሻ

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ኢንስፔክተር ጸደንያ ላፍቶ ሰፈር ከሟቹ ከአቶ ደገፋ ቤት ስትደርስ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ ድሬሰር ቦጋለም እጁ በካቴና ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ይሄ ምን አድርጎ ነው?»

«ዘመድ ሊገድለው ነበር» አላት አጠገቡ የቆመው ፖሊስ። «ሟቹ ጀርመን ሄዶ የኩላሊት ኦፕራሲዮን አድርጎ ነው የተመለሰው። ቁስሉን የሚያየው ቦጋለ ብቻ ነበር። በሱ ጥፋት ቁስሉ ተከፍቶ ሞተ ይላሉ።»

ደገፋ አልጋው ላይ ተንጋሏል። ፋሻው ከብብቱ እስከ ሽንጡ ተጠምጥሟል፤ በግራ ጎኑ ምስር የምታክል የደም ነጥብ ትታያለች። ጸደንያ በሩን ዘግታ ፋሻውን ፈታችው። የባቄላ ፍሬ የማያክሉ ሦስት የዳኑ ጠባሳዎች አሉ። ከአንደኛው አጠገብ፣ በጣት ስፋት ርቃ፣ አዲስ ቀዳዳ። ፋሻውን ተመለከተች፤ እሱም ተበስቷል። ያየችውን ለማንም ሳትናገር አስከሬኑን ለምርመራ ላከችው።

ሚስቱን ጤናዬን ጠራቻት።

«ቦጋለ ፋሻውን ቀይሮ ሄደ» አለች ጤናዬ። «ደገፋ የእንቅልፍ ክኒኑን ውጦ ተኛ። ወንድሙ ፈየራ ደጅ ጆንያ ይሰፋ ነበር። እኔ ጎፋ ደርሼ ስመለስ…»

«ቁስሉን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«መች አሳየኝ! ከጀርባዬ እስከ እምብርቴ ቀደውኛል፣ ብታዪው ትደነግጫለሽ ይለኛል።»

ቦጋለን «ለዚያ ጠባሳ ይህን ያህል ፋሻ ምን ይሠራል?» አለችው።

«ለሰው ዓይን ነው። ዘመድ ሁሉ አዋጥቶ ነው የላከው፤ ‹ለዚህች ጭረት ነው እንዴ ይሉኛል› ብሎ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

ፈየራ የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ለሕክምናው ጥማድ በሬዎቹን የሸጠ ገበሬ።

«አንቺ ልጅ፣ ባል ሳታገቢ አስከሬን ታገላብጫለሽ?»

«አስከሬኑ አልተቀየመኝም። ቦጋለ ምን አጠፋ?»

«እነዚያን ጥቃቅን ቀዳዳዎች መጠበቅ አቃተው! ሌላ ምን ያጥፋ?»

በማግስቱ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ቁስል በራሱ ሲከፈት ፋሻ አይበሳም» አለች። «ይህ ፋሻ ከውጭ ወደ ውስጥ ተወግቷል፤ በጆንያ መስፊያ ወስፌ። ቦጋለ ቢሆን ፋሻውን ፈትቶ በጠባሳው ላይ ይወጋ ነበር። ገዳዩ ግን ጠባሳው የተከፈተ እንዲመስል ፈልጎ፣ ሟቹ እንዳይነቃም ፈርቶ በፋሻው ላይ ገመተ፤ ጠባሳውንም ሳተ። ስለዚህ ጠባሳዎቹ ትንንሽ መሆናቸውን ያውቃል። ሚስቱ እንኳ ይህን አታውቅም። ከቦጋለ ሌላ ይህን የሚያውቀው ‹ጥቃቅን ቀዳዳዎች› ያለኝ ሰው ብቻ ነው፤ ወስፌም በእጁ ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ ፈየራ ዞረ።

«በበር ስንጥቅ አይቼዋለሁ!» ብሎ ተነሣ። «ጎኑ አልተከፈተም! ታመምኩ ብሎ በሬዎቼን በላ! አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምስ ሁለቱም ኩላሊቶቹ እንዳሉ አላየም?»

«አይቷል። ሁለቱም አሉ።»

«ሰማችሁ?» አለ ፈየራ ወደ ዘመዶቹ።

«ኩላሊቱን አይደለም ያወጡት። በአንዷ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎቹ መቁረጫ አስገብተው ኩላሊቱ ላይ የበቀለውን እባጭ ብቻ ቆረጡ፤ ኩላሊቱን አተረፉለት። የተቆረጠበት ቦታ ጠግጓል፤ ሐኪሙ አሳይቶኛል።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከቦጋለ ፈትቶ መጣ። ፈየራ ሳይጠየቅ እጆቹን ዘረጋ።

«ታዲያ… ድኖ ነበር?»

«ድኖ ነበር።»