የአወወ ሱጉሌ ሊሬ

«ስምሽ የለም» አለ ኤቢ፣ ጣቱን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እያንሸራተተ። «ከላይ ወደ ታች አየሁት፣ ከታች ወደ ላይም አየሁት። የለሽም።»

ሩቲ የክፍል ጓደኛዋን በክርኗ ገፋ አድርጋ ተጠጋች። ታይፎይድ ዘጠኝ ቀን አልጋ ላይ አውሏት ትምህርት ቤት መምጣቷ ገና ዛሬ ነው፤ ጉልበቷ እንኳ አልጠናም። አምስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን ማብቂያ የጅጅጋ ኑሮ፣ ዋጋና መዝናኛ። አቅራቢ፦ ዐምራን ማሃድ።» ከማሃድ በኋላ አራት ነጥብ አለ። «እና ሩቲ» የሚል የለም።

«ሸወደችሽ» አለ ኤቢ።

«ዝም በል።»

«ዝም ብያለሁ። ግን ሸወደችሽ።»

ነገሩ የተጀመረው የታሪክ መምህሩ ሻርማርኬ ለአሥረኛ ክፍል የቤት ሥራ በሰጡ ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ዓለም በድህነት ስትናጥ ከርማ ቀውሱ ሊያበቃ ሲል፣ ሰው ምን ይበላ፣ ስንት ይከፍል፣ በምን ይዝናና ነበር? በአንድ በኩል አሜሪካ፣ በሌላ በኩል የገዛ ከተማችሁ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ አሉ። አንደኛ የወጣ ድሬዳዋ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ትርኢት ሦስት ቀን ይሄዳል። ሌላው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የአሜሪካን ዳቦ ዋጋ ሲገለብጥ፣ ሩቲ አወወ ሱጉሌን አገኘች።

አወወ ሱጉሌ ዘጠና አምስት ዓመታቸው ነው። ጺማቸውን በሂና ያቀላሉ፣ አማርኛን የተማሩት ከጦር ሰፈር ሾፌሮች ስለሆነ በየመሀሉ ስድብ ጣል ያደርጋሉ። ሰፈሩ ሁሉ «አወወ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ሩቲ አራት ቅዳሜ ሙሉ ከደጃቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የነገሯትን ጻፈች። አብራት የተመደበችው ዐምራን አንዱን ቅዳሜ ብቻ መጥታ ግማሹን ስልኳ ላይ አሳልፋለች።

ኪሎ ስኳር በጣሊያን ገንዘብ ሦስት ሊሬ። ክንድ አቡጀዲ ጨርቅ አራት ሊሬ። የየመናዊው ነጋዴ ሱቅ ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ነበር፤ ስኳር የገዛ ሰው አንድ ሸክላ እስኪያልቅ ቆሞ ማዳመጥ ይፈቀድለታል፣ ያልገዛ ይባረራል። ጣሊያኖቹ ደግሞ ከሰፈሩ አጥር ጥግ ነጭ አንሶላ ወጥረው ፊልም ያሳዩ ነበር። ከፊት ሆኖ ለማየት አንድ ሊሬ፣ ከአንሶላው ጀርባ በነፃ። የአሥር ዓመቱ ሱጉሌ ሁልጊዜ ከጀርባ ነበር።

«ፈረንጅ ሁሉ ግራኝ ነው ብዬ አደግሁ» ብለዋታል። «በግራው ይበላል፣ በግራው ይተኩሳል። ጉድ ነው እል ነበር። ድሬዳዋ ሄጄ አንዱ በቀኙ ሲጽፍ ሳየው ነው የገባኝ፤ ለካ ከጀርባ ቀኙ ግራ ሆኖ ነው የሚታየው።»

አወወ ዘመንን በቁጥር አይቆጥሩም። «ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት» ነው የሚሉት። ቁጥሩን ያወጣችው ሩቲ ናት። ጣሊያን ጅጅጋ የገባው በ1928 ነው፤ ሁለት ሲደመርበት 1930። ይህንኑ ከገጹ ራስ ላይ ጻፈች። በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አልጻፈችም፤ ለራሷ የምታውቀውን ነገር ለማን ትጽፋለች?

ከዚያ ታመመች። ደብተሩንም ለዐምራን ላከች።

ዐምራንን ያገኘቻት ከትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ጀርባ ሳምቡሳ ስትበላ ነው።

«ናያ፣ ተነሳሽ?» አለቻት ዐምራን፤ በሶማልኛ «አንቺ» ማለቷ ነው። «ከስተሻል።»

«ስሜ የታለ?»

ዐምራን የያዘችውን ጎርሳ እስክትጨርስ ጊዜ ወሰደች። «ቲቸር “ሩቲስ?” ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ትታዋለች አልኩት።»

«ትታዋለች?»

«ታመሽ ነበር እኮ። ትምጪ አትምጪ ማን ያውቃል?»

«ታይፎይድ ነው የያዘኝ፣ አልሞትኩም። ሂጂና እውነቱን ንገሪው።»

«አሁን ስሙ ለዳኞቹ ተላልፏል። የሚሄደው ደግሞ አንድ አቅራቢ ብቻ ነው አሉ፣ ታዲያ ምን ይለወጣል?» ዐምራን እጇን በወረቀት ጠረገች። «ዋላሂ ሩቲ፣ ድሬዳዋ ከሄድኩ ስጦታ አመጣልሻለሁ።»

ሩቲ ሌላውን ሁሉ ልትችለው ትችል ነበር። ያቺን «ስጦታ» የምትለውን ቃል ግን አልቻለቻትም። ወጪት ሰባሪ ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ አብልተኸው ሲያበቃ ትርፍራፊውን መልሶ ሊያጎርስህ ይመጣል።

«ደብተሬን ስጪኝ።»

«ሐሙስ ካቀረብኩ በኋላ። አሁን እያጠናሁበት ነው።»

ማክሰኞ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የዐምራን ሰንጠረዥ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቀለሙ እንዲደርቅ ተትቶ ነበር። ከቶጎጫሌ በመጣ የቴሌቪዥን ካርቶን ጀርባ ላይ፣ በሚያምር ጽሕፈት። ሩቲ አጎንብሳ አነበበች። ከግራ «አሜሪካ 1930»፤ ዳቦ ይህን ያህል ሳንቲም፣ ሲኒማ ይህን ያህል። ከቀኝ «ጅጅጋ 1930»፤ ስኳር ሦስት ሊሬ፣ ፊልም አንድ ሊሬ።

ሁለቴ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

«ምንድነው?» አለ ኤቢ ከመደርደሪያው ሥር።

«የኛን 1930 ወስዳ ከፈረንጆቹ 1930 ጎን አስቀመጠችው። የኛ 1930 እኮ በነሱ 1938 ነው። በነሱ 1930 ጣሊያን እዚህ አልደረሰም። ሊሬ የሚባል ነገር የለም። ቀውሱ ራሱ ገና መጀመሩ ነው፣ ርዕሷ ደግሞ “ማብቂያ” ይላል።»

«አላየችውም እንዴ?»

«ከደብተሬ ገለበጠችው እኮ። ሩቲ አትሳሳትም ብላ ነው።»

ኤቢ ራሱን አከከ። «ታዲያ ንገሪያት።»

«ለምን ብዬ?»

«ለቲቸርስ?»

«ለማንም አልናገርም። ሐሙስ ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣለሁ።»

«አቤት ክፋት» አለ ኤቢ በአድናቆት።

ረቡዕን በሙሉ ጥያቄዋን ስታሰማምር ዋለች። ሳህን እያጠበች አለችው፣ ፀጉሯን እያበጠረች አለችው። እናቷ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» እስክትላት ድረስ። ድምፁ ለስላሳ መሆን አለበት፤ የተናደደ ሰው ጥያቄ መምሰል የለበትም። «ይቅርታ፣ ስላልገባኝ ነው። በ1930 ጅጅጋ ውስጥ ሊሬ ከየት መጣ?» ከዚያ ትቀመጣለች። ቀሪውን የዐምራን ፊት ይጨርሰዋል።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከፊት ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ወይዘሮ ተናኘ የሚባሉት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ሳያወርዱ ስህተት ያያሉ ይባላል። ሩቲ በቀላሉ የምትነሳበትን የጥግ ወንበር መርጣ ተቀመጠች። ዐምራን ሰንጠረዡን አቆመች፣ ደብተሩን በብብቷ ያዘች።

ያኔ በሩ ተከፈተና አወወ ሱጉሌ ገቡ።

ሩቲ ይህን አላሰበችም። ዐምራን ጋብዛቸው፣ በባጃጅ አስመጥታቸው ነው። አዲስ ሽርጥ ታጥቀዋል፣ ጺማቸው ገና ሂናው አልደበዘዘም። በትራቸውን እየተከሉ በመተላለፊያው መጡና ሩቲን ሲያዩ ቆሙ።

«የደብተሯ ልጅ» አሉ። «አትመጪም አሉኝ።»

«መጣሁ፣ አወወ።»

አጠገቧ ተቀመጡ። በትራቸውን ወደ ካርቶኑ ቀሰሩ። «ያ የኔ ነገር ነው? እኔ ማንበብ አልችልም። አስተካክለው ጽፈውታል?»

ሩቲ ዓይኗን ወደ ጽሕፈቱ መለሰች። «በጣም ያምራል» አለች፤ ያ እንኳ እውነት ነበር።

ዐምራን ጥሩ አቀረበች። ይህን መካድ አይቻልም። ስለ ሸክላ ማጫወቻው ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ግራኞቹ ፈረንጆች ጋ ስትደርስ ሳቀ። አወወም ሳቁ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ሩቲ የገዛ ዓረፍተ ነገሮቿን አንድ በአንድ እየሰማች ጥርሷን ነከሰች። ግድ የለም፣ አለች ለራሷ። ጥቂት ደቂቃ ነው።

ግን ወይዘሮ ተናኘ ቀደሟት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «አሜሪካም 1930፣ ጅጅጋም 1930 ነው?»

«አዎ። እንዲነጻጸር ብዬ ነው።»

«በዚያ ዓመት ጣሊያን እዚህ አልነበረም። ሰው የሚገበያየው በጠገራ ብርና በሩፒ ነበር። ሊሬውን ማን አመጣው?»

ጥያቄው ከሩቲ አፍ የተነጠቀ ያህል ነበር። ዐምራን ካርቶኑን አየች፣ ዳኞቹን አየች። ሩቲ ከማክሰኞ ጀምሮ የጠበቀችው ፊት ይኸው ነበር፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እጇን ማውጣት እንኳ አላስፈለጋትም።

«እኔ አይደለሁም» አለች ዐምራን በመጨረሻ። «አወወ ናቸው ያሉኝ። አርጅተዋል እኮ… ምናልባት ተምታቶባቸው ይሆናል።»

ከኋላ አንዱ «ሊሬውን በህልማቸው ነው ያዩት» አለ። ሳቅ ተነሳ። ቅድም የሳቁት ያው ልጆች ናቸው፣ ሳቁ ግን ያው አልነበረም።

አወወ ሱጉሌ ወደ ሩቲ ዞሩ። «ምን አለች?»

ሩቲ ካርቶኑ ላይ ያለውን 1930 አየች።

«አላየሁም ነው የምትለው?» ቀኝ መዳፋቸውን ከፍተው ለራሳቸው አዩት፣ ሳንቲሙ እዚያ እንዳለ ሁሉ። «በዚህ ይዤዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከፊት ሆኜ ልይ ብዬ አንድ ሊሬ አጠራቅሜ… በዚህ።»

መቀመጥ ብቻ ይበቃል። ሩቲ ይህን በደንብ ታውቃለች። ዝም ብትል ዐምራን ራሷ በቆፈረችው ትገባለች፣ ድሬዳዋም ሆነ ጅጅጋ ስሟን የሚያነሳው አይኖርም። ሽማግሌውም ውሸታም ተብለው በመጡበት ባጃጅ ይመለሳሉ። በእሷ እጅ በተጻፈ ቁጥር።

ተነሳች። ለዐምራን ብላ አልነበረም፤ ይህን ማንም እንዳይሳሳት።

በመተላለፊያው አልፋ ወደ ካርቶኑ ሄደች። ከጠረጴዛው ላይ ማርከር አነሳችና ከ«ጅጅጋ 1930» ጎን «ዓመተ ምሕረት» ብላ ጻፈች። የአሜሪካውን 1930 ሰርዛ ከበላዩ 1938 አደረገች። ማርከሩ እየጮኸ ነበር።

«አወወ አልተምታታባቸውም» አለች። «እሳቸው ያሉኝ “ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት” ነው። ቁጥሩን ያሰላሁት እኔ ነኝ፣ በእኛ አቆጣጠር። ከአሜሪካ የሚነጻጸረው ከ1938 ጋር ነው። የአሜሪካው ዋጋ እንደገና መታየት አለበት፣ የጅጅጋው ግን ትክክል ነው።»

ወይዘሮ ተናኘ መነጽራቸውን አወረዱ። «አንቺ ማን ነሽ?»

«ሩቲ እባላለሁ። ደብተሩ የኔ ነው።»

መምህር ሻርማርኬ ከግድግዳው ሥር ተንቀሳቀሱ። «ሩቲ፣ አንቺ ትተሽዋል ተብዬ ነበር።»

«ታምሜ ነበር፣ ቲቸር። አልተውኩም።»

መምህሩ ዐምራንን አዩ። ዐምራን የጫማዋን ጫፍ አየች።

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ተናኘ፣ ሰዓታቸውን እያዩ። «ገና ጥያቄ አለኝ። ስለዚህ ስለ ፊልሙ ከአባት ራሳቸው መስማት እፈልጋለሁ። አቀራረቡን ግን ከሁለታችሁ ማን ነው የሚቀጥለው?»

አወወ ሱጉሌ በትራቸውን ተደግፈው መነሳት ጀመሩ።

ዐምራን ወደ ሩቲ ተጠጋች። ትንፋሿ ይሰማል። «ናያ» አለች በሹክሹክታ፣ «ስለ አላህ። ሁለታችን እንበል። አብረን ነው የሠራነው እንበል።»

ሁለታችን። ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የፈለገቻት ቃል ይህች ነበረች። ያኔ ብታገኛት ሌላውን ሁሉ ትተወው ነበር። ቅዳሜዎቹን፣ ስልኩን፣ ሳምቡሳውን፣ ሁሉንም።

ሩቲ እጇን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ።

«ደብተሬን» አለች፤ በሹክሹክታ አይደለም።

አዳራሹ ጠበቀ። ዐምራን ደብተሩን ከብብቷ አላወጣችም። ሩቲም እጇን አላጠፈችም።