ሰላም ያለኝ መስሎኝ

ከእሱ ጋር የተዋወቅነው በሰው ፊት ተዋርጄ ነው። ሳቁብኝ ግድ የለም፤ እኔም ስቄበታለሁ።

በሠላሳ ስድስት ዓመቴ የቅርጫት ኳስ ልማር ብዬ ሜዳ የገባሁ ቀን ነው። ኳሷ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ እጄ ውስጥ ገባች። ወዲያው አንዷ ፊቴ ላይ ተለጥፋ፣ እጆቿን ዘርግታ አላሳልፍ አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? ኳሷን አቅፌ ቆምኩ። ቀና ስል ፊሽካ ያንጠለጠለ ረጅም ሰውዬ እኔን እያየ ክንዱን ያወዛውዛል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ...

እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው! አልኩ በልቤ። ሰው ሰላም ሲል ዝም አይባልም። ኳሷን በአንድ ክንዴ አቅፌ በሌላው እጄ አወዛወዝኩለት። ፈገግታም ጨመርኩበት።

ፊሽካው ጮኸ።

«አምስት ሰከንድ!» አለ።

«የምን አምስት ሰከንድ?»

«ኳሷን ይዘው ቆሙ እኮ። ተከላካይ እንዲህ ከተጠጋችዎት፣ አምስት ሰከንድ ሳይሞላ ወይ ያቀብላሉ፣ ወይ ያነጥራሉ፣ ወይ ወደ ቅርጫቱ ይወረውራሉ። በእጄ እየቆጠርኩልዎት ነበር።»

«እየቆጠሩ ነው እንዴ! እኔ ደግሞ ሰላም ያሉኝ መስሎኝ...»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የጥርስ ሐኪሟ፣ ወደዚህ ጉድ ጎትታ ያመጣችኝ ደንበኛዬ፣ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ከንፈሩን ነክሶ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አይቼዋለሁ።

እኔ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን አያለሁ፤ «ይሄኛው ይሻላል ወይስ የቀድሞው?» እላለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን የሚያየኝ ዓይን የለም። እናቴ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነበር። ስድስት ዓመት አስታምሜያታለሁ። አሁንም ወደ ክፍሏ ስገባ በሩን አንኳኳለሁ፤ ከዚያ ቆሜ ራሴን እታዘባለሁ። ጠዋት ስወጣ ሬዲዮኑን ከፍቼው እሄዳለሁ፤ ማታ በሩን ስከፍት የሰው ድምፅ እንዲቀበለኝ። ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዳቦ ሻጭ ደግሞ ሳትጠይቀኝ ሁለት ዳቦ ጠቅልላ ትሰጠኛለች። አንዱ የእናቴ ነበር። እናቴ እንደሞተች ለመንገር ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። አንዱ ዳቦ ሁልጊዜ ይደርቃል።

የጥርስ ሐኪሟ ይህን ስታውቅ ነው «ተነሺ! ጀማሪ ሴቶች ነን፣ ሁላችንም አናውቅም» ብላ የጎተተችኝ።

ያ ፊሽካ ያንጠለጠለው ዳኛ አሠልጣኛችንም ነበር። ከልምምድ በኋላ የማይገባኝን እንዲያስረዳኝ ስጠይቀው አይሰለችም። እኔ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ የገባኝንም ደግሜ መጠየቅ ጀምሬ ነበር።

«ኳሷን በሁለት እጅዎ ከያዟት ማንጠሩ አበቃ» ይለኛል። «ድጋሚ ማንጠር የለም።»

«ተሳስቼ ብይዛትስ?»

«ተሳስተውም ያው ነው።»

«ኧረ እንዴት ያለ ጭካኔ ነው!»

«መዳፍዎ ከላይ ይሁን። ከሥር ደግፈው ከወሰዷት ያስቀጣል። ይዘዋት መራመድም አይቻልም። ከዚያ ቡድንዎ በስምንት ሰከንድ ውስጥ ኳሷን መሃሉን መስመር ማሻገር አለበት። ከተሻገረች ወዲያ ወደ ኋላ መመለስ የለም። በሃያ አራት ሰከንድ ውስጥ ደግሞ መወርወር ነው።»

«ደክሞኝ ቅርጫቱ ሥር ባርፍስ?»

«ተቃራኒ ቅርጫት ሥር የተቀባው ሳጥን ውስጥ ከሆነ፣ ከሦስት ሰከንድ በላይ አይቻልም።»

«እዚህ ሜዳ ላይ አረፍ የሚባልበት ቦታ የለም ማለት ነው?»

ትንሽ አሰበ። «አግዳሚው ወንበር አለ» አለ።

እዚያ ተቀመጥን። ሌሎቹ ሄደዋል። የአዳራሹን ቁልፍ እጁ ላይ ያሽከረክራል፤ ለመዝጋት ግን አልቸኮለም።

«የሚጠብቅዎት ሰው የለም?» አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ባለቤቴ ጥላኝ ከሄደች አራት ዓመት ሆነ። ቤት ስገባ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ... አላየውም እንጂ።»

«እኔ ሬዲዮ ነው» አልኩ።

ተያይተን ሳቅን። የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረውም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ኳስ ሳነጥር አመሸሁ። ድምፁ ባዶውን ክፍል ሞላልኝ።

አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ ከች አለ። ሜዳው ዳር የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው የሰዓት ቁጥር እየደበዘዘበት ተቸግሯል። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ መመርመሪያውን አጠለቅኩለት። ፊቴ ፊቱ ጋ ደረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት በሠራሁት ሥራ፣ ሌንሱን ገልብጬ ከተትኩት።

«ከላይ ያለውን ፊደል ያንብቡልኝ» አልኩ።

መመርመሪያውን በእጁ አስተካከለ።

«አይታይዎትም?»

«ፊደሉ ጋ ገና አልደረስኩም» አለ ቀስ ብሎ። የሚያየው እኔን ነበር።

«አንተ!» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ላይ በኖ ጠፋ።

«አቤት!» አለ፤ ሳቀ። «እንዲህ ስትጠሪኝ ደስ አለኝ። አሁንማ እኔም አንቺ ልበልሽ።»

መነጽሩን በራሴ እጅ ሠራሁለት። ክፈፉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሲያደርገው «አሁን በደንብ አየሁሽ» አለኝ። እናንተዬ፣ ያን ሳምንት እግሬ መሬት አልነካም።

ከዚያ ጠፋ።

ለጀማሪዎች ትንሽ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ ከኛ ልምምድ ቀረ፤ ሌላ አሠልጣኝ መጣ። የመጀመሪያው ጨዋታችን ቀን አዳራሹ በር ላይ ተገጣጠምን። ልቤ ዘለለ። «የት ጠፋህ?» ልለው ስል ከጎኑ ያሉትን ዳኞች አየት አደረገና፣

«እንደምን ነዎት? መልካም ጨዋታ ይሁንልዎት» አለኝ።

ነዎት! ክው አልኩ። ጨዋታችንን ሌላ ዳኛ ዳኘ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ሌላ ሰው። ከኛ በፊት ያለውን ጨዋታ እሱ ይዳኛል፤ የኛ ተራ ሲደርስ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። የሌላውን ሰው ሁሉ ጨዋታ ይችላል፤ እኔን ማየት ግን አቃተው ማለት ነው። ምን አድርጌ ይሆን? ያ «አንተ» ያልኩት ነገር በዝቶበት ይሆን? ወይስ ገና ከጅምሩ እያዘነልኝ ነበር? ለጥርስ ሐኪሟ እንኳ መንገር አፈርኩ፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ከሌላ ከተማ ደወለ። ሚስቱ መንታ ከወለደች ወዲህ የነጋ በጠባ ጥያቄው አንድ ነው።

«እህቴ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ? ነይ እኛ ጋ። ልጆቹም ያንቺው ናቸው።»

እስከዚያ ቀን «እስቲ አስብበት» እለው ነበር። ብሄድ አክስት ሆኜ እንደማረጅ አውቃለሁ። አክስትነት ክፉ አይደለም። ግን በሰው ቤት ጥግ፣ የሰው ልጅ አቅፌ፣ የሰው ባልና ሚስት ሲስቁ ከግድግዳው ወዲያ እየሰማሁ... አንዴ ከገባሁበት አልወጣም። ያን ዕለት ግን አቅም አጣሁ።

«እሺ» አልኩት። «ልምጣ።»

«እልል! እሑድ መኪና እልካለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ የእናቴን በር አንኳኳሁ። ገብቼ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ዕቃ ማሰር ጀመርኩ። ኳሷን የት እንደምከታት ግራ ገባኝ፤ ውጪ ተውኳት።

የመጨረሻ ጨዋታችን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጫማዬን እያሰርኩ ነው። የዳኞቹ አለቃ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሳቂታ ሽማግሌ፣ ወደኛ ወንበር መጣና ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ያን ሰውዬ ያሳበደችው ከናንተ የትኛዋ ናት?» አለ።

«የቱን ሰውዬ?» አለች የጥርስ ሐኪሟ።

«አሠልጣኛችሁን ነዋ! ውድድሩ ሊጀመር ሲል መጥቶ ‹የዚህን ቡድን ጨዋታ አታስይዘኝ፤ እዚያ ልቤ ያለባት ሴት አለች› አይለኝም? ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ካለው አይዳኝም፤ ደንባችን ነው። ግን ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም!»

«ማን ናት? ማን ናት?» ሁሉም ተንጫጫ።

«ስሟን አልነገረኝም፤ ምስጢረኛ ነው። ብቻ ያን አዲስ መነጽሩን በቀን አሥር ጊዜ እያወለቀ ያያዋል።»

የጫማዬ ማሰሪያ ከእጄ አመለጠ። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የጥርስ ሐኪሟ አፏን ያዘች።

«አንቺ ጉደኛ!» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ደብቀሽ!»

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ፊሽካው ተነፋ።

እንዴት እንደተጫወትኩ አልነግራችሁም፤ ኳሷን ሁለቴ ከእጄ ጣልኳት። አንዴ አነጠርኩ፣ ያዝኩ፣ ድጋሚ አነጠርኩ፤ ሕጉ ሁሉ ከጭንቅላቴ ተኖ ሄደ። ልቤ ነገ በሚመጣው መኪናና በዚያ ሽማግሌ ቃል መሃል ይላወሳል። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኳሷ እንደገና እኔ ጋ መጣች። እንደ መጀመሪያው ቀን አንዷ ፊቴ ላይ ተለጠፈችብኝ። እንደ መጀመሪያው ቀን አቅፌ ቆምኩ። ቀና ስል ከተመልካቹ መሃል፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አየሁት። ቆሟል። መነጽሩን አድርጓል። እኔን እያየ ክንዱን ያወዛውዛል።

እየቆጠረ ነው! አምስት ሊሞላብኝ ነው! ደንግጬ ኳሷን ቅርጫቱ አጠገብ ለቆመችው ለረጅሟ ልጅ ወረወርኩላት። ተቀብላ ዘለለች። ገባች!

መሸነፉንማ ተሸነፍን፤ አንድ ግብ የት ሊያደርሰን! ሴቶቹ ግን እንዳሸነፈ ቡድን እየጮሁ ተቃቀፉ። እኔ ከመሃላቸው ወጥቼ ደረጃውን ወጣሁ። ላቤ ይንጠፈጠፋል፣ ፀጉሬ ተበታትኗል። ከሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ስለቆጠርክልኝ አመሰግናለሁ» አልኩት።

«መቼ ቆጠርኩ?»

«አሁን ነዋ! እጅህን ስታወዛውዝ።»

መነጽሩን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ዛሬ ዳኛ አይደለሁም እኮ» አለ። «ሰላም ልልሽ ነው።»

እንባዬ ቀደመኝ። ስቄም አለቅሳለሁ፣ አልቅሼም እስቃለሁ።

«ታዲያ ያን ቀን በሩ ላይ ‹ነዎት› ያልከኝ ምን አድርጌህ ነው?»

«ሰው ፊት ነበርን። አንቺ ካልኩሽ ድምፄ ያጋልጠኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ለኔስ አትነግረኝም ነበር?»

«እምቢ ብትይኝስ? አፍረሽ ከልምምዱ ትቀሪያለሽ። ያ ሜዳ ላይ ስትስቂ አይቻለሁ። በኔ ምክንያት ሳቅሽን ከምታጪ እኔ ብቀር ይሻላል አልኩ።»

አንጀቴን በላው። ለካ እኔ ቤት ሬዲዮ ሲያወራ፣ እሱ ቤት ቴሌቪዥን ሲያወራ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ነበር።

«ነገ መኪና ይመጣል» አልኩት። «ወንድሜ ጋ ጠቅልዬ ልሄድ ነው። ዕቃዬን አስሬያለሁ።»

ፊቱ ተለወጠ። መነጽሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«እኔ እንድትሄጂ አልፈልግም» አለ በመጨረሻ። «እወድሻለሁ። ግን አሁኑኑ መልሺልኝ አልልሽም።»

እጁን አየሁት። ጭኑ ላይ፣ መነጽሩ አጠገብ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። አይቆጥርም። መልስ ሲጠበቅብኝ ሰከንድ ያልተቆጠረብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። አዳራሹ ባዶ እስኪሆን እዚያው ቆየን። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ።

«ወንድም ዓለም፣ መኪናውን አትላክ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ? ብቻሽን እዚያ...»

«ብቻዬን አይደለሁም» አልኩት። ቃሉ ለራሴ ጆሮ አዲስ ሆነብኝ። «መንታዎቹን ለማየት እንመጣለን።»

«እንመጣለን? ከማን ጋር? ሄሎ! ሄሎ!»

ወደ ቤት ስንሄድ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆምኩ። ሻጯ እንደ ልማዷ ሳትጠይቀኝ ሁለቱን ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ እሱን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ።

ዓመት ሙሉ መናገር ያቃተኝ ነገር ወጣ። «እናቴ ሞታለች» አልኳት።

ደነገጠች። «ውይ በሞትኩት! ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ... ሁለተኛውን ልመልሰው?»

እሱ እጁን ዘርግቶ ዳቦውን ተቀበለኝ።

«ተዪው» አልኳት። «የሚበላው አለ።»